ልጃችን በአራት እርምጃ ያሸነፈን ዕለት



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናነሣው የቤትና የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል፤ በእርግጥም ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት ከጨዋታ ያለፈ ነገር ስላስከተለና በእናንተም ቤት ሊደርስ የሚችል ስለሆነ ልናወጋችሁ ወደድን። ጉዳዩ ቼዝ ነው፤ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ሻሕማት የሚሉት።

ልጃችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሰፈራችን ማትናስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሰጠው የሻሕማት ሁግ ገብቶ ሁለት ወር ያህል እንደ ተማረ፣ አንድ ማታ ሰሌዳውን በብብቱ ሥር ይዞ መጣና «አባ፣ ና እንጫወት» አለን። የጠጠሮቹን አካሄድ ከወጣትነታችን ጀምሮ በጥቂቱ እናውቅ ነበርና ልጁን ደስ እናሰኘው ብለን ተቀመጥን። ነጩን እርሱ ያዘ፣ ጥቁሩን እኛ ያዝን። ሻያችን ሳይቀዘቅዝ፣ በአራተኛው እርምጃ ንግሥቱን ከንጉሣችን አፍንጫ ሥር አስቀመጠና «ሻሕ-ማት!» አለ። አጋጣሚ ነው ብለን እንደገና ደረደርን። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ። በሦስተኛው ላይ ልጁ ሳቁን መቆጣጠር ሲያቅተው እኛም ቁጣችንን መቆጣጠር አቃተን። «በቃ፣ ሂድና የቤት ሥራህን ሥራ» ብለን ሰሌዳውን አጠፍነው።

እውነቱን ለመናገር ያስቆጣን ቼዙ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ ያነበበልን ይኸው ልጅ ነው። በኩፓት ሆሊም ከሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ሕመማችንን በዕብራይስጥ የተናገረልን እርሱ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህርቱ ስለ እርሱ ያለችውን እንኳ የተረጎመልን ራሱ ነው፤ ምን ያህሉን እንደ ነገረንና ምን ያህሉን እንዳስቀረ እርሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ። በአገራችን ሳለን ልጅ ከአባቱ ይማር ነበር። እዚህ ግን አባት በየቀኑ ልጁን «ምን አለ? ምን ይላል?» እያለ ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ላይ በጨዋታ እንኳ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሲረታን፣ የቀረችን አንዲት ነገር የተወሰደችብን መሰለን።

ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ልጁም ደግሞ አልጠየቀንም። አንድ ቀን ከደጅ ሆኖ ለጓደኛው «አባ ሻሕማት አይጫወትም» ሲል ሰማነው። የልጁ እናትም ሰምታ ኖሮ እንዲህ አለችን፦ «ልጁ የመጣው ሊያሸንፍህ አልነበረም፤ የተማረውን ሊያሳይህ ነው። አንተ ግን ሰሌዳውን አጠፍክበት። ነገ ሌላ ነገር ሲማር ወዳንተ ይዞት የሚመጣ ይመስልሃል?»

መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ለመማር ወሰንን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከዚያን ዕለት ወዲህ የተማርነውን ነው። ባለሙያዎች አይደለንም፤ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ብትገኝ የምንጫወት ሰዎች ነን። ምክሩም እንደኛው ላሉ ነው።

ብዙ መጫወት ብቻውን አያስተምርም

የመጀመሪያ ስሕተታችን ይህ ነበር። በስልካችን ላይ የቼዝ ጨዋታ ጫንንና ማታ ማታ፣ በአውቶቡስም፣ በሥራ እረፍትም መጫወት ጀመርን። ለአንድ ሰው ሦስት ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚሰጠውን ፈጣኑን ጨዋታ ነበር የምንጫወተው። በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ በላይ ጨዋታ ተጫወትን። የተሻሻለልን ነገር ቢኖር የጣታችን ፍጥነት ብቻ ነው። ትናንት የተሸነፍንበትን ስሕተት ዛሬ፣ የዛሬውንም ነገ እንደግመው ነበር፤ ምክንያቱም አንዱ ጨዋታ እንዳለቀ ለምን እንደ ተሸነፍን ሳናይ ሌላውን እንጀምራለን።

ሁለተኛው ስሕተታችን የመክፈቻ እርምጃዎችን በቃል ለማጥናት መሞከራችን ነው። እስከ አሥረኛው እርምጃ ድረስ በቃላችን ያዝን። ነገር ግን ከእኛ ጋር የሚጫወቱት ሰዎች ያንን መጽሐፍ ስላላነበቡ በሦስተኛው እርምጃ ላይ ከመንገዱ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ልክ የኡልፓን ንግግር በቃሉ አጥንቶ ገበያ እንደ ሄደ ሰው እንሆናለን፤ ነጋዴው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን መልስ አይመልስም።

ከዛፍ ሥር ያገኘናቸው ሽማግሌ

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 በግንቦት ወር በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ወደዚህ አገር ሲገቡ፣ በእነዚያው ዓመታት ከሶቪየት ኅብረት ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኦሊም ይገቡ ነበር። እነርሱ ከመጡበት አገር ቼዝ በትምህርት ቤትና በፋብሪካ ክበብ ሳይቀር የሚሰጥ ትምህርት ነበር። በዚህም ምክንያት ዛሬ በብዙ ከተሞች መናፈሻ ውስጥ ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር ሰሌዳ ዘርግተው የሚጫወቱ ሽማግሎችን ማየት የተለመደ ነው። በተለይ ቤር ሼቫ በቼዝ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም የቡድኖች ሻምፒዮና የተካሄደው በእርሷ ነው። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1964 በቴል አቪቭ፣ በ1976 ደግሞ በሃይፋ የቼዝ ኦሎምፒያድ ተካሂዷል።

በሰፈራችን መናፈሻም እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች አሉ። አንድ ዓርብ ጠዋት ቆመን ስናይ ካፖርት የለበሱ አንድ አዛውንት በእጃቸው «ተቀመጥ» አሉን። የእርሳቸው ዕብራይስጥ ከእኛው የተሻለ አልነበረም። ተጫወትን፤ ተሸነፍን። ጠጠሮቹን ግን እንደገና ለመደርደር ስንነሣ እጃችንን ያዙና ጨዋታውን ወደ ኋላ መለሱት፤ አንዱን ጠጠር ወደ ነበረበት፣ ሌላውንም ወደ ነበረበት። ከዚያም በጣታቸው አንዷን ቤት መታ መታ አደረጉና «እዚህ» አሉን። አየን። ፈረሳችንን ያለ ጠባቂ ትተነው ኖሮ በሚቀጥለው እርምጃ በልተውት ነበር። ጨዋታው ያለቀው ያን ጊዜ ነው፤ የቀረው ቀብሩ ነበር።

በሁለተኛው ጨዋታ እጃችን ገና ወደ ጠጠሩ ሲዘረጋ «ሬጋ፣ ሬጋ» አሉን። «ቆይ፣ ቆይ» ማለት ነው። ከዚያም ሁለቱን እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡባቸውና እኛም እንዲሁ እንድናደርግ በዓይናቸው አመለከቱን። የቼዝ ትምህርታችን የጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ እጅን የመሰብሰብ ነገር ሕግም አለው። ልጆቻችሁ በሁግ «ናጋታ - ናሳዕታ» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል፤ «ነካህ - ሄድክ» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጠጠር ከነካችሁ በዚያው ጠጠር መሄድ አለባችሁ። ስለዚህ ከእጅ በፊት ዓይን፣ ከዓይንም በፊት ጥያቄ ሊቀድም ይገባል።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ሽማግሌው በብዙ ሳምንት ያስተማሩን ተጠቃልሎ ሁለት ጥያቄ ነው።

አንደኛው፦ ተጋጣሚያችን ይህን ጠጠር አሁን ለምን አንቀሳቀሰው? ምን ሊበላ ነው? ንጉሣችንን ሻሕ ሊል ነው? ወይስ መንገድ ሊከፍት ነው?

ሁለተኛው፦ እኛ ልንሄድ ያሰብነውን ብንሄድ እርሱ ምን ይመልሳል? የምንሄድበትን ቤት የሚጠብቅ ጠጠር አለው? የምንለቀውስ ቤት ማንን ያጋልጣል?

ሁለቱንም ለመጠየቅ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም። በየእርምጃው ግን መጠየቅ አለበት፤ አንድ ጊዜ ሳይጠየቅ የታለፈ እንደሆነ ያችው አንዷ ጨዋታውን ትወስደዋለች። በየመንደራችን ገበጣ የተጫወትን ሰዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም። የገበጣ አዋቂ ጠጠሩን ከጉድጓድ ከማፈሱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምትወድቅ በዓይኑ ይቆጥር የለምን? ያው ነው። ልዩነቱ በቼዝ የሌላውንም ሰው ሐሳብ አብሮ መቁጠር ነው።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ ነው የሚል ቢኖር የቦሪስ ጌልፋንድን ነገር እንንገረው። ጌልፋንድ በሚንስክ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ እስራኤል የመጣ እንደኛው ኦሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሞስኮ ከሕንዱ ሻምፒዮን ከቪስዋናታን አናንድ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠመ። ከስድስት ተከታታይ እኩል ውጤት በኋላ ሰባተኛውን ጨዋታ ጌልፋንድ አሸነፈ። በማግሥቱ በስምንተኛው ጨዋታ ንግሥቱን ወደ ሰሌዳው ጥግ ልኮ የአናንድን ግንብ በላ። ሲያዩት ትርፍ ይመስላል። አናንድ ግን ንግሥቱን ዝም ብሎ ወደ ጎን አንቀሳቀሰና የጥቁሯን ንግሥት መመለሻ ዘጋባት። ጌልፋንድ በ17ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ከዚያ አጥሮ በማሸነፍ የተጠናቀቀ ሙሉ ጨዋታ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ታላቅ ተጫዋች ያችን አንዲት መልስ ካላያት እኛማ ምን ይገርማል? ይልቅ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ተመልከቱ። ሰሌዳውን አላጠፈም። የቀሩትን አራት ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ጨርሶ 6 ለ 6 እኩል ወጡ፤ ሻምፒዮንነቱን ያጣው በኋላ በተደረገው የፈጣን ጨዋታ መለያ በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው።

የጫማ ሰሪዎቹ ማት

አሁን ልጃችን እኛን ወዳሸነፈበት እንመለስ። ይህ በአራት እርምጃ የሚያልቅ ጨዋታ በዕብራይስጥ «ማት ሳንድላሪም» ይባላል፤ የጫማ ሰሪዎች ማት ማለት ነው። በየትምህርት ቤቱ አዲስ ተጫዋች ሁሉ የሚቀምሰው ስለሆነ እናንተም ሳትቀምሱት አትቀሩም።

አስቀድመን የጠጠሮቹን ስም እንተዋወቅ። ንጉሡ ሜሌክ፣ ንግሥቷ ማልካ፣ ፈረሱ ፓራሽ ይባላል፤ ፈረሰኛ ማለት ነው። በየጥጉ የሚቆመው ግንብ ጽሪያሕ፣ በሰያፍ የሚሮጠው ሯጭ ራጽ፣ ወታደሩም ራግሊ ይባላል፤ እግረኛ ማለት ነው። ዋጋቸውን ለማነጻጸር ወታደሩ 1፣ ፈረሱና ሯጩ 3 3፣ ግንቡ 5፣ ንግሥቷ 9 ተብለው ይቆጠራሉ። ንጉሡ ዋጋ የለውም፤ እርሱ ከተያዘ ሁሉም አለቀ።

ማቱ እንዲህ ነው። ነጩ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ እኛም እንዲሁ። ቀጥሎ ሯጩን በሰያፍ ያወጣና በንጉሣችን አጠገብ፣ በሯጫችን ፊት ያለውን ወታደር ያነጣጥርበታል። ያን ወታደር ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም። ከዚያ ንግሥቱን ወደ ሰሌዳው ዳር ያወጣና ያንኑ ወታደር በሌላ በኩል ታየዋለች። እኛ ሳናስተውል ንግሥቲቱን እናባርር ብለን የንጉሡን ጎን ፈረስ ስናወጣ፣ ዘላ ወታደሩን ትበላና ማት ይሆናል። ንጉሣችን እንዳይበላት ሯጩ ከሩቅ ይጠብቃታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሯጩ ሲወጣ በንግሥታችን ጎን ያለውን ፈረስ አውጥተን የመካከሉን ወታደራችንን እናስጠብቅ። ንግሥቱ ወደ ዳር ስትወጣ «ምን ፈልጋ መጣች?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ካገኘን በኋላ በንጉሡ ጎን ባለው ፈረስ ፊት የቆመውን ወታደር አንድ ቤት እንግፋ፤ ንግሥቲቱ እንዳትበላ ትሸሻለች። ሸሽታም ከፊት ለፊት ያንኑ ወታደር እንደገና ታነጣጥር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ፈረስ አውጥተን መንገዷን እንዘጋባታለን። እርሷ ስትንከራተት እኛ ሁለት ፈረስ አወጣን ማለት ነው። ይህን ባወቅንበት ምሽት እውነት ለመናገር ለብቻችን ሳቅን። ሦስት ጊዜ የተሸነፍነው አእምሯችን ስለ ደከመ ሳይሆን አንዲት ጥያቄ ባለመጠየቃችን ነበር።

መጀመሪያውና መጨረሻው

ለጨዋታው መጀመሪያ ሦስት ነገር ይበቃናል። በመካከል አንድ ወይም ሁለት ወታደር እንግፋ፤ ፈረሶቹንና ሯጮቹን በቶሎ እናውጣ፤ ንጉሡንም በሃጽራሓ እናስጠልል። ሃጽራሓ ማለት ንጉሡ ወደ ግንቡ ሁለት ቤት ሄዶ ግንቡ በላዩ ተሻግሮ በሌላ ጎኑ የሚቆምበት እርምጃ ነው። ይህ ሳይደረግ አንዱን ጠጠር ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ ንግሥትንም ቸኩሎ ማውጣት ጉዳት ነው።

ስለ መጨረሻው ብዙ ሰው አይጨነቅም፤ እኛም አልተጨነቅንም ነበር። አንድ ቀን ንግሥትና ንጉሥ ይዘን በባዶ ንጉሥ ላይ እያለን ማት ማድረግ ባለማወቃችን ጨዋታው እኩል ወጣ። የተጋጣሚው ንጉሥ ሻሕ ሳይባል የሚሄድበት ቤት ሲያጣና ሌላም የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር ከሌለው «ፓት» ይባላል፤ ያሸነፍነው ጨዋታ አቻ ይሆንብናል። ስለዚህ ሁለት ነገር ከልጆቻችሁ ጋር ተለማመዱ። በሁለት ግንብ ንጉሡን አንድ በአንድ ረድፍ እያስለቀቁ ወደ ዳር ወስዶ ማት ማድረግ አንደኛው ነው። በንግሥትና በንጉሥ ያንኑ ማድረግ ደግሞ ሁለተኛው ነው። አንድ ምሽት ይበቃል። ወታደርም ደረጃ በደረጃ ሄዶ የመጨረሻው ረድፍ ከደረሰ ንግሥት እንደሚሆን አትርሱ፤ በዕብራይስጥ ሃኽታራ፣ ዘውድ መጫን ይሉታል። ወታደር ርካሽ ነው ብሎ በከንቱ የሚሰጥ ሰው በመጨረሻው ይጸጸታል።

«ኤይፎ ታዒቲ?»

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ለአሸናፊው አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፦ «ኤይፎ ታዒቲ?» የት ላይ ተሳሳትኩ? ማለት ነው። በመናፈሻ ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ሲጠየቁ ደስታቸው ወሰን የለውም፤ ቡናቸውን ትተው ያሳዩአችኋል።

ለዚህም ጨዋታውን መጻፍ ይረዳል። ሰሌዳው ስምንት በስምንት፣ 64 ቤት ነው። አግድሙ ከኤ እስከ ኤች ባሉት የላቲን ፊደሎች፣ ቁመቱም ከ1 እስከ 8 ባሉት ቁጥሮች ስለሚጠራ እያንዳንዱ ቤት ስም አለው፤ «ኢ 4» ሲባል አንድ ቤት ብቻ ነው። በተራ ደብተር ላይ የሄድንበትን ቤት እየጻፍን ብንጫወት በኋላ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ደግመን ለማየት እንችላለን። በሰንበት ስለማይጻፍ የሰንበቱን ጨዋታ በቃል መያዝ ነው፤ እርሱም ራሱ ልምምድ ይሆናል። በየጨዋታው አንዲት ስሕተት ብቻ እንፈልግ፤ ሁሉንም እናርም ካልን አንዱንም አናርምም። በደብተራችን የመጀመሪያዎቹን አሥር ሽንፈቶች ብናያቸው ሰባቱ ያለ ጠባቂ በተተወ ጠጠር የመጡ ነበሩ። ይህን ካወቅን በኋላ ምን መማር እንዳለብን ማንም ሊነግረን አላስፈለገም።

ከዚህ ሌላ በቀን አሥር ደቂቃ «በአንድ እርምጃ ማት» የሚሉትን ትንንሽ ጥያቄዎች መፍታት ዓይንን ያሠለጥናል። የስልኩንም ጨዋታ አንከለክልም፤ ነገር ግን ከሃያ ፈጣን ጨዋታ አንድ የሃያ ደቂቃ ጨዋታ ይሻላል።

አያቶችንም አንርሳ

በየቤቱ «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ እኛ አናውቀውም» የሚሉ አዛውንት ይኖራሉ። አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዓለም የተሰራጨው ይህ ጨዋታ አገራችን ከገባ ዘመናት አልፈዋል። ሰንጠረዥ ይባል ነበር። ዛሬ በጋዜጣና በመጽሐፍ ረድፍና ዓምድ ያለውን ሁሉ ሰንጠረዥ የምንለው ከዚያው ስም ነው። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት የታወቀ ጨዋታ ሲሆን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ነበሩት። ንጉሡ፣ ፈረሱና ደር የሚባለው ግንብ እንደ ዛሬው ይሄዱ ነበር። ፈርዙ ግን በንግሥቷ ስፍራ ቆሞ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊሉም በሯጩ ስፍራ ሆኖ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል። የሚያስገርመው አጀማመሩ ነው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይህም ወረራ ይባላል። ተራ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው።

ይህን ታሪክ ለልጃችን ስንነግረው አፉን ከፍቶ ሰማን። በማግሥቱ በሁግ ለመምህሩ በዕብራይስጥ ደግሞ ተናገረው። ልጁ ከአባቱ የሰማውን ወደ ትምህርት ቤት ይዞ ሲሄድ ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከመናፈሻው ትምህርት ከሁለት ወር በኋላ ሰሌዳውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድነው። ልጁ ቀና ብሎ አየንና ምንም ሳይናገር መደርደር ጀመረ። ንግሥቱን ወደ ዳር አወጣት። እጃችንን ከጭናችን ሥር አስገብተን ተቀመጥን። ወታደሩን ገፋን፤ ፈረሱን አወጣን። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ አሰበ። ሆኖም በመጨረሻው ተሸነፍን። ልማዳችን ሰሌዳውን ማጠፍ ነበር፤ ይህን ጊዜ ግን «ኤይፎ ታዒቲ?» አልነው። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየመለሰ አሳየን። እንደ ሽማግሌው በጣቱ መታ መታ አደረገና በአማርኛ «እዚህ ጋ ነው፣ አባ» አለን። በአማርኛ ማለቱን ልብ በሉ፤ ለማስረዳት ሲፈልግ ቃሉን ፈልጎ አገኘው።

የባንኩን ደብዳቤ አሁንም እርሱ ያነብልናል። ኡልፓን እየሄድን ነው፤ ያም ቀስ በቀስ ይለወጣል። ለጊዜው ግን በሳምንት ሁለት ማታ በዚያ ሰሌዳ ፊት ለፊት ስንቀመጥ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። መጠየቅም የሚያዋርድ ነገር እንዳልሆነ እርሱ ከእኛ እያየ ነው፤ ይህን በቃል ብንነግረው ኖሮ የሚሰማን አይመስለንም።

ስለሆነም ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት ይህን ሞክሩ። በሰፈራችሁ ማትናስ የሻሕማት ሁግ መኖሩን ጠይቁ፤ ለአዋቂዎችም ካለ እናንተም ገብታችሁ ተመዝገቡ። እናቶችም ሆይ፣ ይህ የወንዶች ጨዋታ አይደለም፤ ሴቶች ልጆቻችሁም ከወንድሞቻቸው ጋር ይመዝገቡ። ሰሌዳ ካላችሁ አውርዱት። ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ቀስ ያለ ጨዋታ ተጫወቱ፤ በየእርምጃው ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ሲያልቅም «የት ላይ ተሳሳትኩ?» በሏቸው። ብታሸንፉ ደግሞ እነርሱ ሲጠይቋችሁ በትዕግሥት አሳዩአቸው።

በመጨረሻ ያለፈውን ሳምንት ውጤት ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ጨዋታው 38 እርምጃ ፈጅቶ እንደ ልማዳችን ተሸነፍን። ልጁ ጠጠሮቹን ወደ ሣጥኑ ሲመልስ ቆም አለና «አባ፣ ያቺ የፈረሱ እርምጃህ ግን አስፈርታኝ ነበር» አለን። እኛም ደብተሩን ገልጠን የትኛዋ እንደሆነች ፈለግናት። 22ኛዋ ናት፤ በእርሳስ አስምረንባታል።